የነጋዴዋ ሚስት ገበታ፦ ውዳሴ ነው ወይስ ወቀሳ?

ለክርክር የቀረበው ሥዕል ቦሪስ ኩስቶዲየቭ እ.ኤ.አ. በ1918 የሣለው፣ ዛሬ በሴንት ፒተርስበርግ በሩሲያ ሙዚየም የሚገኘው «የነጋዴ ሚስት ሻይ ስትጠጣ» ነው። ጥያቄው፦ ሥዕሉ ጸጥተኛውን የቤት ኑሮ ያወድሳል ወይስ ይወቅሳል? ተከራካሪዎቹ አንድ ሠዓሊና አንዲት የታሪክ መምህርት ናቸው።

ሠዓሊው

ውዳሴ ነው። ሴትዮዋ በረንዳዋ ላይ ተቀምጣ ሻይ የተቀዳበትን የስኒ ማስቀመጫ በጣቶቿ ጫፍ ይዛለች። ድመቷ ትከሻዋን ትታከካለች፤ ሳሞቫሩ፣ የሩሲያው የሻይ ማፍያ፣ ያብረቀርቃል፤ ሐብሐቡ ተቆርጦ ጥቁር ፍሬዎቹ ወጥተዋል። ከጀርባዋ የቤተ ክርስቲያን ጉልላቶች ይታያሉ። ይህ ሁሉ ጥጋብ የተሣለው ግን የዳቦ ድርሻ በቀን እስከ 50 ግራም በወረደበት ዓመት፣ በፔትሮግራድ (በዛሬዋ ሴንት ፒተርስበርግ) ነው። ኩስቶዲየቭ በአከርካሪው ውስጥ በበቀለ ዕጢ ምክንያት ከ1916 ጀምሮ እግሮቹ ሽባ ሆነው በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ነበር። ሐብሐብን እንዲህ የሚያቀላው የተራበ ሰው ብቻ ነው። ሐብሐቡ የትውልድ ከተማው የአስትራካን በጋ ነው፤ ሳሞቫሩም ከዚያ ብርድ ቤት የጠፋው ሙቀት።

የታሪክ መምህርቷ

«የተራበ ሰው ብቻ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ዝም ብዬ ላልፈው አልችልም። ኩስቶዲየቭ በ1912 «የነጋዴ ሚስቶች»ን፣ በ1915 ደግሞ «ውቢቱ»ን ሲሥል ረሃቡ ገና አልመጣም ነበር። ያው ደልዳላ ሰውነት፣ ያው ደማቅ ቀለም በእነዚያም አለ። እንግዲያው ሐብሐቡን ያቀላው ረሃብ አይደለም።

ትከሻዋንና ክንዷን ልብ ብለው ይዩ። እንደ ፍራፍሬዎቹ ክብ፣ እንደ ፍራፍሬዎቹ ለስላሳ ተደርገው ተሥለዋል። ነጋዴው ካከማቸው ሀብት አንዷ ሆና ከገበታው ጋር ቀርባለች። በእጇ መጽሐፍ የለ፣ መርፌ የለ። ሳሞቫሩን ማን አፈላው? ሐብሐቡን ማን ቆረጠው? ያቺ ገረድ የት ሄደች?

ሠዓሊው

በሥዕሉ ውስጥ ስለሌለች ገረድ ልከራከር አልመጣሁም። ዕድሜዬን ብሩሽ ይዤ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ በፍቅር የተሣለውን በጥላቻ ከተሣለው መለየት አያቅተኝም።

መምህርት የዘለሉት የሠዓሊውን ልጅነት ነው። ሕፃን ሳለ አባቱ ሞተበት፤ እናቱ በአንድ ነጋዴ ግቢ ውስጥ ቤት ተከራይታ አሳደገችው። ያንን የሞላ ጓዳ ያየው በተከራይ ልጅ ዓይን ነው። ለሥዕሉ የተቀመጠችለትም የነጋዴ ሚስት አልነበረችም፤ ጋሊና አደርካስ የምትባል የሕክምና ተማሪ ነበረች። የነጋዴ መደብ ራሱ በኅዳር 1917 በወጣ ድንጋጌ ከሌሎች መደቦች ጋር ተሽሯል። በሕግ የሌለችን ሴት ቁጭ አድርጎ የሚሥል ሰው ማንን ሊወቅስ ነው? ለፍርድ የሚቀርብ ተከሳሽ እኮ አልተረፈም!

የታሪክ መምህርቷ

በሥዕሉ ውስጥ ስለሌለች ገረድ አልከራከርም ብለዋል። ይሁን። ታዲያ ረሃቡ በየትኛው ጥግ ተሣለ? 50 ግራሙ ዳቦ የትኛው ሳህን ላይ ነው? ተሽከርካሪው ወንበርስ? እርስዎ ከሸራው ውጭ ያለውን ሲያመጡ ማስተዋል፣ እኔ ሳመጣ ግን ፈጠራ የሚሆንበትን ሕግ አላውቀውም። በ1912 እና በ1915 ስለተሣሉት ያነሣሁትም መልስ አላገኘም።

በዚያው በ1918 ኩስቶዲየቭ ለጥቅምት አብዮት አንደኛ ዓመት በፔትሮግራድ አደባባይ አስጊጧል። በ1920 ደግሞ ቀይ ባንዲራ ተሸክሞ ከቤቶች በላይ የሚራመደውን ግዙፍ «ቦልሼቪክ» ሥሏል። ለአሮጌው ዘመን ሙሾ የሚያወርድ ሰው ይህን ያደርጋል?

ሠዓሊው

አደባባይ ማስጌጥ ናፍቆትን አይከለክልም። ረሃቡ የት ነው ላሉኝ፣ በዚያ ዓመት ሥዕሉን ባየው ሰው ሆድ ውስጥ ነበር! ሠዓሊ የሚሥለው ለሚያይ ሰው ነው፤ የሚያየው ሰው ምን እንደጎደለውም ያውቃል።

በ1916 ቀዶ ሕክምናው ላይ ሐኪሞቹ ከእጁና ከእግሩ የትኛውን እናትርፍ ብለው ሚስቱን ጠየቋት፣ እርሷም እጁን መረጠች ይባላል። ሐብሐቡ የተቀባው በዚያ በተረፈው እጅ ነው። ይህንን አውቆ ሥዕሉን ወቀሳ ብሎ መጥራት ጭካኔ ነው። በዚህ የተነሣ እንደ የዋህ ከተቆጠርኩም ቅር አይለኝም።

የታሪክ መምህርቷ

ክርክራችን ሥዕሉ ምን ይላል የሚል ነበር፤ አሁን እኔ ጨካኝ ነኝ ወይስ አይደለሁም ወደሚል ዞረ። ለዚያ ሰው ስቃይ ከእርስዎ ያነሰ አላዝንም። ስቃዩ ግን ሥዕሉን ላለማየት ምክንያት ሊሆነን አይገባም።

ናፍቆት አለበት ልበል። ከሴትዮዋ ጀርባ፣ በጎረቤት በረንዳ ላይ፣ ባልና ሚስት አብረው ሻይ ይጠጣሉ። ጥንዶቹን ሠዓሊው ነው እዚያ ያስቀመጣቸው። እርሷ ዘንድ ያለችው ድመት ብቻ ናት፤ ዓይኗም ገበታው ላይ አላረፈም። ኩስቶዲየቭ ከፈለገ ለባሏም ወንበር አያጣለትም ነበር። ብዙ ሰው የሚያጠግብ ገበታ ዘርግቶ አንዲት ሴት ብቻ ያስቀመጠበትን ምክንያት ሳይነግሩኝ ይህንን ሰላማዊ ቤት ብለው ሊያሳምኑኝ አይችሉም። እስካሁን ስለ ሐብሐቡ ደጋግመው ጽፈዋል፤ ስለ ፊቷ አንድ ቃል አልጻፉም።