ይድረስ ለክቡር ዎከር፣ ለባለ ጎማው የሕፃናት መራመጃ

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ልጆቹ ከግንባራቸው እብጠት በቀር ደህና ናቸው።

በቅድሚያ ለፍጥነትዎ ምስጋና ይገባዎታል። በቅጡ መቀመጥ የጀመረ ሕፃን በእርስዎ ላይ ሆኖ በአንድ ሰከንድ ከ1 ሜትር በላይ ይፈተለካል። እናት «ኧረ ያዙት!» ብላ ሳትጨርስ ደረጃው አፋፍ ላይ ነው። «ከዓይኔ አይጠፋም» ለሚሉ ወላጆችም መልስዎ ይኸው ነው፤ አብዛኛው አደጋ የሚደርሰው አዋቂ እያየ ነው።

አሜሪካ ውስጥ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1990 እስከ 2014 ከ230,000 የሚበልጡ፣ ዕድሜያቸው ከ15 ወር በታች የሆነ ሕፃናትን ድንገተኛ ክፍል አድርሰዋል፤ ከአራቱ ሦስት ያህሉን በደረጃ አንከባለው። ከአሥሩ ዘጠኙ የተጎዱት ጭንቅላታቸው ወይም አንገታቸው ላይ ነው። ምቀኛዋ ካናዳ ግን በ2004 ሽያጭዎን ከለከለች፣ ያገለገሉትን ጭምር።

ከሥርዎ የሚለጠፈው ላስቲክስ? ጎማዎ ከደረጃው ጫፍ ሲወርድ ወለሉን ነክሶ እንዲያስቆምዎ የተሠራ ነው። ሲያልቅ ወይም አቧራ ሲለብስ ይንሸራተታል። ደግሞም ላስቲክ ትኩስ ሻይ አያቆምም፤ ልጁን ከፍ አድርገው የጠረጴዛ ልብሱን ጫፍና የካውያውን ገመድ የሚያስጨብጡት እርስዎ ነዎት።

«ቶሎ ያስሄዳል» የሚለው ዝናዎማ ይገርማል! መቀመጫዎ ክብደቱን ስለሚሸከምለት ልጁ ሚዛን መጠበቅን አይለማመድም። ገበታዎ እግሩን ይሸፍንበታል፤ በጣቶቹ ጫፍ እየገፋ መሄድንም ያስለምዱታል። ስለዚህ መዳሁንም መራመዱንም ሊያዘገዩት ይችላሉ።

ተተኪዎችዎ ጎማ የላቸውም፤ ቅር አይበልዎት። ከሁሉ የሚበልጠው ወለል ነው፦ ገና ሳይድህ፣ ነቅቶ ሳለ፣ ሰው እያየው በሆዱ ማስተኛት፤ መቆም ሲጀምር በባዶ እግሩ የማይነቃነቅ ሶፋ እንዲደገፍ መተው። እጅ ሥራ ሲይዝ አጥር ያለው መጫወቻ፣ ወይም ባለበት የሚቆም መጫወቻ ወንበር ይበቃል፤ ወንበሩ ላይ ግን ከ15 እስከ 20 ደቂቃ። የሚገፋ ጋሪ የሚሰጠው ራሱ ተነስቶ ለሚቆም ልጅ ነው፤ ከበድ ያለና በቀላሉ የማይሸሽ ይሁን። ከደረጃው አናት ላይ የሚገጠመው በርም በብሎን ይታሰር፤ ግድግዳ ገፍቶ ብቻ የሚቆመው ዓይነት ሲደገፉት ይወድቃል።

ስንብትዎን በተመለከተ፦ ለጎረቤት በስጦታ አይተላለፉም። ጎማዎ ተነቅሎ፣ የመቀመጫዎ ጨርቅ ተቀዶ ነው የሚጣሉት፤ ደህና መስለው ከታዩማ ደግሞ አንስቶ የሚወስድዎ አይጠፋም።