አልበሙን ሳትበውዙ አሰሙን

አንድን አልበም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ሙዚቀኞቹ ራሳቸው በደረደሩት ቅደም ተከተል መስማት እንደ ቅንጦት መቆጠሩ እጅግ ያሳዝነኛል። የምጠቀምበት የሙዚቃ መተግበሪያ ወርኃዊ ክፍያ የማይከፍለውን አድማጭ ዘፈኖቹን እየበወዘ ያሰማዋል፤ በየመካከሉም ማስታወቂያ ይሰነቅርበታል። ነጠላ ዘፈን ለሚያደምጥ ሰው ይህ ብዙም ላይከብደው ይችላል። እኔን ያንገበገበኝ በሎስ ሃይቫስ አልበም ላይ የሚፈጸመው በደል ነው።

እነዚህ የቺሊ ሙዚቀኞች ከ1973ቱ (እ.ኤ.አ.) መፈንቅለ መንግሥት በኋላ አገራቸውን ለቀው በአርጀንቲና፣ ኋላም በፈረንሳይ ኖረዋል። በ1981 ያወጡት «አልቱራስ ዴ ማቹ ፒቹ» የተሠራው የቺሊው ገጣሚ ፓብሎ ኔሩዳ በ1943 ማቹ ፒቹን፣ የኢንካዎችን ጥንታዊ ከተማ፣ ከጎበኘ በኋላ በጻፈው ግጥም ላይ ነው። በግጥሙ ውስጥ ተናጋሪው ስለ ሞት ሲያወጣ ሲያወርድ ቆይቶ ተራራውን ይወጣል፤ ወደ ማብቂያው ላይም ያንን ሁሉ ድንጋይ ተሸክመው ከተማዋን የገነቡትን፣ ስማቸው እንኳ ያልተጻፈላቸውን ሠራተኞች ወንድሜ እያለ ከሞት ይጠራቸዋል። የአልበሙ 7 ዘፈኖች ይህንኑ ጉዞ ይከተላሉ። መተግበሪያው ግን 6ኛውን ያስቀድምና ሞታቸው ገና ሳይነገር ትንሣኤያቸውን ያውጃል።

ሁለተኛው ዘፈን ብቻውን ከ11 ደቂቃ በላይ ይፈጃል። የአንዲስ ተራሮች የሸምበቆ ዋሽንትና ቻራንጎ የምትባለው ባለ 10 ክር ትንሽ መሣሪያ ለሮክ ሙዚቃው ማጣፈጫ ተብለው የገቡ አይደሉም፤ ከፒያኖው፣ ከኤሌክትሪክ ጊታሩና ከቡድኑ ድራም መቺ ከጋብሪኤል ፓራ ድራም ጋር እኩል ይናገራሉ። ይህን ሁሉ በጽሞና ተከታትሎ የጨረሰ ሰው የመጨረሻው ድምፅ ከጆሮው ሳይጠፋ የሳሙና ማስታወቂያ ሲጮኽበት ምን ሊሰማው እንደሚችል ያሰበለት ያለ አይመስለኝም።

«ከፍለህ ስማ» የሚሉኝ አሉ። እኔም ብከፍል ደስ ባለኝ፤ ነገር ግን በእኛ አገር በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ እንደ ልብ አይገኝም። ደግሞስ የአንድ ሥራ ቅደም ተከተል የሥራው አካል ሆኖ ሳለ፣ በምን አግባብ ነው ለብቻው ዋጋ ተቆርጦለት የሚሸጠው?

ማስታወቂያ ይቅር አላልኩም፤ አልበሙ ከመጀመሩ በፊት ደርድሩት፣ እስኪያልቅ ድረስ እታገሣለሁ። ከዚያ በኋላ ግን 7ቱን ዘፈኖች በተራቸው፣ ሳታቋርጡ ልቀቋቸው።