ሥዕል መማር አያዋጣም? ከምን ጋር ሲነጻጸር?

ሰሞኑን እዚህ ሐዋሳ በአንድ የኤፍኤም ፕሮግራም ላይ የሰማሁት ነገር እስካሁን ከሆዴ አልወጣም። አንድ አባት ደወሉ። ልጃቸው አሥራ ሁለተኛን ጨርሳለች፣ ውጤቷ ጥሩ ነው፣ ሥነ ጥበብ ካልተማርኩ ብላ ይዛቸዋለች። ምን ልበላት ነው ጥያቄያቸው። የሙያ አማካሪ ተብሎ የተጋበዘው እንግዳ ለማሰብ እንኳ ጊዜ አልወሰደም። የሥዕል ዲግሪ በገንዘብ ሲሰላ ኪሳራ ነው፣ አካውንቲንግ ያስገቧት፣ ሐዋሳ ውስጥ ሰዓሊ የሚቀጥር የለም፣ ተሰጥኦው ካላት ደግሞ በትርፍ ጊዜዋ ከዩቲዩብ ትማረዋለች አለ። አባትየው አመስግነው ዘጉ። እኔ ግን ያቺን ልጅ እያሰብኩ ተናደድኩ።

ከዩቲዩቡ ልጀምር፣ ምክንያቱም ከሁሉም ደካማው እሱ ነው። አካውንቲንግ ዩቲዩብ ላይ የለም እንዴ? ኤክሴል የለም? ፒችትሪ የሚባለው የሒሳብ ሶፍትዌር የለም? ሁሉም አለ፣ ያውም በአማርኛ። ታዲያ ለሒሳብ መዝገብ አራት ዓመት ክፍል ውስጥ መቀመጥ ግድ ከሆነ፣ ሥዕል ላይ ሲደርስ ለምንድነው ትምህርት ቤት ትርፍ ነገር የሚሆነው? ስልክ ሥራሽ ፊት ቆሞ «ይሄ ትከሻ ተዛብቷል፣ አጥፊውና እንደገና ሥሪው» አይልሽም። መምህር ነው እንዲህ የሚለው። ሰዓሊው ገብረ ክርስቶስ ደስታ ጀርመን፣ ኮሎኝ ሄዶ ተምሯል። ሰዓሊው እስክንድር ቦጎሲያን ለንደንና ፓሪስ ተምሯል። ተመልሰው ደግሞ ሰዓሊው አለ ፈለገ ሰላም አዲስ አበባ ባቋቋመው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማሩ። ከእነሱ እጅ የወጡት ተማሪዎች በተራቸው ሌሎችን አስተማሩ። ተሰጥኦ አልነበራቸውም ሊለን ነው?

ሰዓሊውን አፈወርቅ ተክሌን ደግሞ እንይ። እንግሊዝ የተላከው የማዕድን ምህንድስና እንዲማር ነበር። በዚያ ዘመን አዋጭ የተባለው እሱ ነበራ። ተወውና ሥዕል ተማረ፣ ለንደን ያለው የስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገባ። አዲስ አበባ የአፍሪካ አዳራሽ ውስጥ ያለው 150 ካሬ ሜትር የመስታወት ሥራ የእሱ ነው። ያኔ የእኛ አማካሪ ቢያገኘው ኖሮ ወደ ማዕድኑ ይመልሰው ነበር።

እሺ፣ ኪሳራ ነው እንበል። ከምን ጋር ተነጻጽሮ? ይሄን አገር «ያዋጣል» የሚለው ቃል ስንት ጊዜ እንዳሳሳተው ረሳን? በ2001 ዓ.ም. ሰባ ለሠላሳ መጣ። ከመቶ ሰባው ተማሪ ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ሠላሳው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ ተባለ። ምህንድስና የገባ የሥራ ችግር የለበትም ተባለ። ዛሬ በየሰፈራችን ሲቪል ተመርቆ ባጃጅ የሚነዳ ልጅ የማያውቅ ሰው ካለ እጁን ያውጣ። ዲግሪ ይዞ ኮብልስቶን የጠረበውን ትውልድም አየነው። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ደሞዛችን ቤት ኪራይ አልቻለም ብለው ሥራ እስከማቆም ደረሱ። ከሕክምና የበለጠ «አስተማማኝ» የተባለ ትምህርት ነበር? የወጪ መጋራት ውሉን ሁሉም ይፈርማል። የመውጫ ፈተናውን ሁሉም ይፈተናል። ከዚያ በኋላ ሥራ ፍለጋው ሁሉንም ይጠብቃል። አካውንቲንግ በየኮሌጁ፣ በማታውም በርቀቱም ይሰጣል፣ ተመራቂው ቁጥር ስፍር የለውም። ለአንዲት ልጅ ይሄን «አስተማማኝ» ብሎ በሬዲዮ መምከር ድፍረት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። «ሐዋሳ ውስጥ» ነው ያለው ሰውየው። ሐዋሳ! የኢንዱስትሪ ፓርኩ ያለባት ከተማ! ከየትኛውም ከተማ በላይ እኛ ነን ይሄን መማር የነበረብን። ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ለ60 ሺህ ሰው ሥራ ይሆናል ተብሎ ነበር። ከየገጠሩ የመጡ ልጃገረዶች ገብተው ሸሚዝ ሰፉ፣ ሱሪ ሰፉ። በ2011 ዓ.ም. የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች እዚሁ መጥተው ያወጡት ሪፖርት መነሻ ደሞዛቸው በወር 26 ዶላር መሆኑን ጻፈ፣ ልብስ አምራች ከሆኑት አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው ነው አለ። ያ ሸሚዝ ግን አሜሪካ ውስጥ በስንት ይሸጣል? አንዲት ልጅ ወሩን ሙሉ ሰፍታ ታገኝ የነበረው የአንዳንዱን ሸሚዝ ዋጋ እንኳ አይሞላም ነበር። ጨርቁን የነካችው፣ ክሯን ያስገባችው፣ ጣቷ የተወጋው እሷ ናት። ብሩን የሚወስዱት ግን አንገትጌው እንዲህ ይሁን፣ ቀለሙ እንዲህ ይሁን፣ ምልክቱ ደረቱ ላይ እዚህ ጋ ይቀመጥ ብለው የወሰኑት ናቸው። እነዚያ ሰዎች የተማሩት ምን መሰላችሁ? መሳል ነው። ቅርጽ፣ ቀለም፣ የሰው አካል፣ ንድፍ። አማካሪያችን ኪሳራ ያለውን ትምህርት ነው የተማሩት።

ከዚያስ? በ2014 ዓ.ም. አጎዋ፣ ማለትም ልብሱን ያለ ቀረጥ አሜሪካ የማስገባት ዕድል፣ ተዘጋ። የፓርኩ ትልቁ ስም የነበረው የአሜሪካው ልብስ ኩባንያ ፒቪኤች ጥሎ ወጣ። ሰፊዎቹ ሥራ ፈቱ፣ ብዙዎቹ ወደመጡበት ተመለሱ። እኛ እጅ ላይ ምን ቀረ? ሼድ ቀረ። ንድፉ መጀመሪያውኑ የእኛ አልነበረም፣ ስለዚህ ሌላ ገበያ ይዘነው የምንሄደው ነገር አልነበረንም። አምስት ዓመት ሙሉ ለዓለም የሰፋች ከተማ በራሷ ልጆች የተነደፈ፣ በራሷ ስም የሚሸጥ አንድ የሚታወቅ ልብስ ከሌላት፣ ችግሩ የሰዓሊ መብዛት ነው ወይስ ማነስ? በየዓመቱ ለሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ለፊቼ ጨምበላላ የሚታተመውን ቲሸርት እዩት። በዩኔስኮ የተመዘገበ በዓል ነው፣ ሰው ከየአገሩ ይመጣል። የምንሸጥለት ከኢንተርኔት የወረደ ፎቶ የተለጠፈበት፣ አንዴ ሲታጠብ የሚላጥ ቲሸርት ነው። አንድ የተማረ ዲዛይነር እዚያ ገበያ ውስጥ የሚያገኘውን ማንም ቁጭ ብሎ አላሰላውም። ሳያሰሉ «አያዋጣም»!

ቡናውም ያው ነው። ኢትዮጵያ ሲዳሞ፣ ይርጋጨፌና ሐረር የሚሉትን ስሞች አሜሪካ ውስጥ በንግድ ምልክትነት ላስመዝግብ ስትል ስታርባክስ ያን ያህል የተከራከረው ለምን ነበር? ፍሬውማ ያው ፍሬ ነው። ስሙ ገንዘብ መሆኑን ስላወቀ ነው። ስም ደግሞ መልክ ይፈልጋል፣ ማሸጊያ ይፈልጋል፣ ፊደል ይፈልጋል። እዚህ ከተማ ሱፐርማርኬት ገብታችሁ የተቆላ ቡና መደርደሪያ ፊት ቁሙ። ጀበና፣ ስኒ፣ ጭስ፣ ጀበና፣ ስኒ፣ ጭስ። የአንዱን ማሸጊያ ከሌላው መለየት ያቅታል። ያንን የሚለይ ሰው ደሞዝ አይገባውም?

ሐይቁ ዳር የተደረደሩት ሆቴሎች ግድግዳቸው ላይ የሰቀሉትን ልብ ብላችሁ አይታችኋል? አብዛኛው የፈረንጅ አገር ፎቶ ኅትመት ነው። ሥዕል የሚያሠራ ቤተ ክርስቲያን አለ፣ የሕፃናት መጽሐፍ የሚያሳትም አለ፣ የማስታወቂያ ድርጅት አለ፣ አኒሜሽን የሚፈልግ የዩቲዩብ ቻናል አለ። ወርሃዊ ደሞዝ ብቻ የሚቆጥር ሰው ይሄ ሁሉ አይታየውም። ሰዓሊ «ተቀጠረ» ተብሎ ዜና አይሠራለትም። ሥራውን እየተኮናተረ ይበላል።

አንድ ነገር እቀበላለሁ። ከምረቃ በኋላ ያሉት የመጀመሪያ ዓመታት ይከብዳሉ፣ ገቢው አንድ ወር ይመጣል፣ ሁለት ወር ይጠፋል። ይሄም ቢሆን የሙያው ጥፋት አይደለም። ልጆቹን ሥራ ስንሰጣቸው ቅድመ ክፍያ አንሰጥም፣ ውል አንጽፍም፣ «ለስምህ ይጠቅምሃል» ብለን በነፃ እናሠራለን። እኔ የማውቀው አንድ ልጅ ለአንድ ድርጅት ሙሉ ግድግዳ ስሎ እስከ ዛሬ ግማሹ አልተከፈለውም። ከዚያ ዞር ብለን ሥዕል አያበላም እንላለን። የከለከልነው እኛው!

ትምህርት ቤቶቹም ይስሙ። ዋጋ እንዴት እንደሚተመን፣ ውል እንዴት እንደሚጻፍ፣ ንግድ ፈቃድና ቲን ቁጥር እንዴት እንደሚወጣ አንድ ኮርስ ይኑር። ተማሪው ዘይት ቀለም አሳምሮ ይዞ ይወጣል፣ ዋጋህ ስንት ነው ሲባል ያፍራል።

ለደወሉት አባት ይህን ልበል፤ ምናልባት ያነቡት ይሆናል። ጋሼ፣ ልጅዎ ውጤቷ ጥሩ ነው ብለዋል። እንግዲያው ሌላ አማራጭ አጥታ አይደለም ሥዕልን የመረጠችው። አዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ነው፣ በጠዋት ከመናኸሪያ ከተነሳችሁ ከሰዓት ትደርሳላችሁ። አለ ፈለገ ሰላም ያቋቋመው ትምህርት ቤት የሚገባው በመግቢያ ፈተና ነው፣ እርሳስና ወረቀት ሰጥተው ያስቀምጧታል፣ እጇን የሚያዩት ዕድሜያቸውን በሙያው የጨረሱ ሰዎች ናቸው። የእነሱን ይስሙ፣ የሬዲዮውን እንግዳ ይተዉት። ሥራዎቿን በፋይል አዘጋጅታ ትያዝ፣ ኮምፒውተር ላይ መንደፍም ከአሁኑ ትጀምር፣ ክረምቱን ማተሚያ ቤት ገብታ ትልመድ። ፈተናውን ካላለፈች አካውንቲንጉ እንደሆን የትም አይሄድም፣ መስከረም ላይ ይመዘግቧታል።