እኛ ከላይ ያለነው

ወገኖቼ፣ ዛሬ ልወቅሳችሁ ነው የመጣሁት። የሚከፋው ካለ ይከፋው፤ ብቻ አንብቦ ይጨርስ።

የዓባይ ነገር ሲነሳ ሁላችንም አንደበተ ርቱዕ ነን። ታክሲ ውስጥ፣ ቡና ላይ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር የውሃ ሕግ አዋቂ አይጠፋም። «ፍትሐዊና ምክንያታዊ አጠቃቀም» የምትለዋን ሐረግ ያልሸመደደ የለም። ቦንድ ገዝተናል፣ 8100 ላይ መልእክት ልከናል፣ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ግድቡ ሲመረቅ እልል ብለናል። ደግ አደረግን። በዚህ የሚያሳፍር ነገር የለም።

አንድ ጥያቄ ግን አለኝ። የቤታችሁ ሽንት ቤት መጨረሻው የት ነው?

አትሳቁ፤ የምሬን ነው።

ክረምት ሲገባ በከተማችን በአዲስ አበባ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ሐምሌ ነው፣ እኩለ ሌሊት ሆኗል፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ግቢ ውስጥ አንድ ሰው ባትሪ ይዞ ይወጣል። ጫማው ፕላስቲክ ቦት ነው፤ አስቦበታል ማለት ነው። ወደ ቦዩ የምትወስደዋን ቱቦ ውታፍ ይነቅላል፣ ወይም የጉድጓዱን ክዳን ፈንቅሎ ጎርፉ እንዲገባበት ያደርጋል። ጎርፉ የቀረውን ይሠራል። ጠዋት ግቢው ንጹሕ ነው። ሽታው ለጎረቤት ደርሶታል፤ ጎረቤት ግን ትንፍሽ አይልም። ለምን ቢባል እሱም ባለፈው ሳምንት ያንኑ አድርጓል።

ድህነት ነው እንዳትሉኝ። ፍሳሽ መጣጭ ቦቴ የማይገባበት ጠባብ መንደር ውስጥ፣ አንዱን ጉድጓድ አሥር አባወራ የሚጋራበት ቦታ እንዳለ አውቃለሁ። የዚያ ሰፈር ተግሣጽ ለወረዳው ይድረስልኝ። እኔ የምናገረው ግቢው ውስጥ መኪና አቁሞ፣ ለቦቴ የሚከፍለው ብር ያንገበገበውን ሰውዬ ነው። ባለ ሆቴሉን ነው። ሕንፃ አከራዩን ነው።

ለመሆኑ ያ የተለቀቀው ነገር የት ይሄዳል? ቀበና ወንዝ ይገባል። ካልሆነ ግንፍሌ፣ ወይ ባንቲ ቅጡ፣ ወይ ቁርጡሜ። እነዚህ ሁሉ ዞረው ዞረው ከትልቁ ወይም ከትንሹ አቃቂ ይቀላቀላሉ፤ ሁለቱ አቃቂዎች ደግሞ አባ ሳሙኤል ላይ ይገናኛሉ። አባ ሳሙኤል በአገራችን የመጀመሪያው የውሃ ኃይል ማመንጫ የተሠራበት ግድብ ነው። ዛሬ የከተማው ቆሻሻ የሚጠራቀምበት ሆኗል። ከዚያ ወደ አዋሽ፣ ከአዋሽ ወደ ቆቃ። ከቆቃ በታች አዳማ አለች። አዳማ የምትጠጣው የአዋሽን ውሃ አጣርታ ነው። አዳማ ዘመድ የሌለው የአዲስ አበባ ሰው እስቲ እጁን ያውጣ! በበዓል «እንኳን አደረሳችሁ» ብላችሁ የምትደውሉላት አክስታችሁ የእናንተን ጓዳ ነው የምታስጣራው።

አዳማ እንኳ ማጣሪያ አላት። ታች መተሐራ፣ አሚባራ፣ ዱብቲ፣ አሳይታ ስንደርስ ግን ከወንዙ በጄሪካን ቀድቶ እንዳለ የሚጠጣ አርብቶ አደር አለ። እሱም ከብቱም ከአንድ ውሃ ነው የሚጠጡት። አዋሽ ከአገር አይወጣም ተብለን ተምረናል። እውነት ነው፣ ባሕር አይደርስም። ማረፊያው አቤ ሐይቅ ግን ያለው ጅቡቲ ድንበር ላይ ነው። ስለዚህ በዚህ በኩልም ጎረቤት አለን።

ደግሞ ሁሉም ቁልቁል አይወርድም። ከፊሉ ወደ እኛው ይመለሳል። በአቃቂ ዳርና በገባሮቹ ዳር ያሉት የአትክልት ማሳዎች የሚጠጡት ይህንኑ ውሃ ነው። ሰላጣው፣ ቆስጣው፣ ጎመኑ በእሱ ያድጋል። ጠዋት ጉልት ላይ ውሃ ተርከፍክፎበት ሲያብረቀርቅ «እስሩ ስንት ነው?» ብለን እንገዛዋለን። ጎመኑስ ይቀቀላል። በጾም ሰሞን ሎሚ ጨምቀን በጥሬው የምንበላው ሰላጣ ነው ጉዱ።

«አያ ጅቦ ሳታመኻኝ ብላኝ» የሚለውን ተረት አያቶቻችን ነግረውናል። ጅብ ከወንዙ በላይ ቆሞ ይጠጣል፣ አህያ ከታች። «ውሃውን አደፈረስሽብኝ» ይላታል። ስለ ዓባይ ስንከራከር ራሳችንን ሁልጊዜ በአህያዋ ቦታ እናስቀምጣለን። ተበዳዩ እኛ ነን። በብዙው እውነት ነው፤ ሳንጠየቅ የተፈረመብን ውል እንደነበር ታሪክ ያውቀዋል። ግን ካርታ አውጥታችሁ እዩ። ዓባይ፣ ተከዜ፣ ባሮ፣ ኦሞ፣ ገናሌ፣ ዋቢ ሸበሌ፣ ሁሉም ከእኛ ተነስተው ነው ወደ ሌላው የሚሄዱት። የኬንያው ቱርካና ሐይቅ አብዛኛውን ውሃውን የሚያገኘው ከኦሞ ነው። የደቡብ ሶማሊያ ገበሬ ማሳውን የሚያጠጣው ከባሌና ከአርሲ በወረደ ውሃ ነው። ጅቡቲ ከተማ ከሶማሌ ክልል ሐደጋላ ጉድጓድ በቧንቧ የተላከላትን ውሃ ትጠጣለች። ከላይ ያለነው እኛ ነን።

ፈርመናል እኮ! የናይል ተፋሰስ የትብብር ማዕቀፍ ስምምነትን በ2002 እንቴቤ ላይ ፈረምን፣ በ2005 ምክር ቤታችን አጸደቀው፣ ደቡብ ሱዳን ስትጨመርበት ደግሞ ጥቅምት 3 ቀን 2017 በሥራ ላይ ዋለ። ያን ቀን ማኅበራዊ ሚዲያው በደስታ ሊፈነዳ ነበር። ስንቶቻችን ውስጡን አነበብነው? እዚያ ውስጥ ውሃ የመጠቀም መብት ብቻ አይደለም ያለው። የተፋሰሱን ውሃ ጥራት መጠበቅና ማሻሻል የሚል አለ። መጤ ዝርያ ወደ ወንዙ እንዳይገባ መከላከል የሚልም አለ። መጤ ዝርያ ሲባል አእምሯችሁ ውስጥ ምን መጣ? እምቦጭ! ጣና ላይ ከሰፈረ ከአሥር ዓመት በላይ ሆነው። ሰው ከየአገሩ ተጠራርቶ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቀለ፤ ክብር ይገባዋል። አረሙ የሚበላው ግን ከከተማ የሚወርድ ፍሳሽና ከማሳ የሚታጠብ ማዳበሪያ ነው። በአንድ እጅ እየነቀልን በሌላው እያጎረስነው ነው።

«ግብፅስ? እሷ ምን ንጹሕ ናት?» የሚል አይጠፋም። ወንድሜ፣ ግብፅ ከእኛ በታች ናት። የካይሮ ፍሳሽ ባሕር ዳር አይመጣም። የካይሮን ሰው ካይሮ ይገሥጸው።

«ፋብሪካዎቹስ?» ለሚለው እሺ፣ ልክ ናችሁ። የቆዳ ፋብሪካ ኬሚካል የሚያደርሰውን ጉዳት የእኔና የእናንተ ሽንት ቤት አያደርሰውም። እነሱን የሚቆጣጠር አካል ሥራውን ይሥራ። ነገር ግን ኮሌራና ታይፎይድ ከፋብሪካ አይወጡም። ከሰው ነው የሚወጡት።

አሁን ወደማስበልጠው ነገር ልምጣ። ከላይ መቀመጥ ያድናል ብለን ከሆነ ተሳስተናል። ቆሻሻ ቁልቁል ይወርዳል፤ በሽታ ግን ሽቅብም ይወጣል። ደቡብ ሱዳን በ2017 ጥቅምት ኮሌራ እንደገባባት አስታወቀች። መጀመሪያ የታየው ሬንክ ላይ ነው፤ ከሱዳን ጦርነት የሚሸሹ ሰዎች በሚገቡበት በር። ወራት አልቆየም፣ የካቲት ላይ ጋምቤላ ውስጥ ነበር። የባሮና የአኮቦ ውሃ ወደ እነሱ ይፈሳል፣ ሰዎች ደግሞ ነፍሳቸውን ሊያድኑ ወደ እኛ ይመጣሉ። ስደተኛውን መውቀስ አይቻልም፤ አንድም ጀሪካን ንጹሕ ውሃ ያልነበረው ሰው ነው። በተቃራኒውም አይተነዋል። በ2014 ነሐሴ ባሌ፣ ሐረና ቡሉቅ ወረዳ የጀመረው ወረርሽኝ ክልል እየተሻገረ ከዓመት በላይ ቆየ። በዚያው ሰሞን ኬንያና ሶማሊያም በኮሌራ ይታመሱ ነበር። ከየት ወደ የት ሄደ ብሎ መጨቃጨቅ ለማንም አይበጅም። ባክቴሪያው ኬላ ላይ ፓስፖርት አያሳይም።

ለዚህ መድኃኒቱ ቶሎ መናገር ነው። መንግሥታት ለመንግሥታት፣ ቤተሰብ ለጤና ጣቢያ። ዓለም አቀፉ የጤና ደንብ አደገኛ ወረርሽኝ መሆኑ በታወቀ በ24 ሰዓት ውስጥ ለዓለም ጤና ድርጅት ይነገር ይላል። እኛ ግን ኮሌራውን ስንት ዓመት «አተት» (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት) እያልን ተሸፋፍነን ኖርን። በ2008 ክረምት አዲስ አበባ ላይ የደረሰውን የማያስታውስ የለም። መንግሥት በኋላ በስሙ መጥራት ጀመረ፤ እሰየው። ቤታችን ግን አሁንም ይደብቃል። «ምች ነው»፣ «ትናንት የበላው ነገር ነው» እንላለን። ኮሌራ የያዘው ሰው ውሃው በሰዓታት ተሟጥጦ ሊሞት ይችላል። ኦአርኤስ፣ ማለትም በንጹሕ ውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣውን ጨውና ስኳር፣ በጊዜ ያገኘ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል። የሚያሳፍረው መታመሙ አይደለም፣ ደብቆ ሰፈሩን ማስጨረሱ ነው።

ተስፋ አስቆራጭ ነህ እንዳትሉኝ፣ የሆነልንንም ልንገራችሁ። ጊኒ ዎርም የሚባል ትል አለ። ሰው የኩሬ ውሃ ሲጠጣ ይገባል። ዓመት ያህል ውስጥ ለውስጥ ያድግና አብዛኛውን ጊዜ በእግር በኩል፣ ቆዳ ቀድዶ ይወጣል። እንደ ክር የቀጠነ፣ ሜትር የሚጠጋ ነው። ያቃጥላል። የታመመው ሰው ማቃጠሉን ለማብረድ እግሩን ኩሬው ውስጥ ይነክራል፤ ትሉም ያኔ እጮቹን ውሃው ላይ ይለቃል። ክትባት የለው፣ መድኃኒት የለው። በፈረንጆቹ 1986 በዓለም ላይ በዓመት 3.5 ሚሊዮን ሰው ይይዝ ነበር ተብሎ ይገመታል። አሁን በዓመት የሚያዘው ሰው ከ20 አይበልጥም። የካርተር ማዕከል፣ የዓለም ጤና ድርጅትና የየአገሩ መንግሥታት ለዓመታት አብረው ሠሩ። መሣሪያቸው ምን ነበር? ውሃ ማጥለያ ጨርቅ፣ የኩሬ ኬሚካልና ቤት ለቤት የሚዞር ሰው። ጋምቤላ ውስጥ አቦቦና ጎግ ወረዳ ይህን ሥራ የሚሠሩ ልጆች ዛሬም አሉ። ትሉ ዝንጀሮና ውሻም ስለሚይዝ እነሱንም ሳይቀር ይከታተላሉ። ስማቸውን ማንም በቴሌቪዥን አይጠራውም።

ሌላም አለ። በፈረንጆቹ 1990 ከመቶ 92 ኢትዮጵያዊ ሜዳ ላይ ነበር የሚጸዳዳው። በዚያው በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2015 ወደ 29 ወረደ። ይህን ያደረጉት በአብዛኛው ከቤት ቤት እየዞሩ የለመኑ፣ የተቆጡ፣ አንዳንዴም ውሻ የተለቀቀባቸው የጤና ኤክስቴንሽን ሴቶች ናቸው። ገበሬው ጉድጓድ ቆፈረ። እዚህ ላይ ከተሜው ሊያፍር ይገባል። ገጠሩ የቆፈረውን እኛ በቱቦ ወንዝ ላይ እየለቀቅን ነው። ወንዝ ዳሩ ላይ ድንጋይ ተነጥፎ፣ አበባ ተተክሎ፣ ፎቶ እንነሳበታለን። መብራቱም ያምራል። ጠጋ ሲሉ ግን አፍንጫ ያዝ ያሰኛል። ወንዝ መበከልን የሚከለክል ደንብ ወጥቷል፣ ቅጣቱም አለ፤ ዘበኛ ግን ሌሊት በየግቢው ሊቆም አይችልም።

ውጭ ያላችሁም አትቀሩም። ዋሽንግተን ላይ ለግድቡ ሰልፍ የወጣችሁ፣ ሪያድና ዱባይ ሰው ቤት እየሠራችሁ ለእናት አባት ቤት የምታሠሩ፣ እግዜር ይስጣችሁ። ግን በቪዲዮ ስትደውሉ ሴራሚኩን፣ የበሩን ቀለም፣ የጣሪያውን ጂፕሰም ነው የምትመርጡት። ፎርማኑን አንድ ነገር ጠይቁልኝ። ሴፕቲክ ታንኩ በግንብ ነው ወይስ ዝም ብሎ የተቆፈረ ጉድጓድ? ሲሞላ ቦቴ የሚጠጋበት ቦታ ተትቶለታል? ከታንኩ ወደ አጥሩ የሚሄደው ቧንቧስ ምን ይሠራል? ፎርማኑ መልስ ሲያጥረው ካያችሁት ክፍያውን አቁሙ።

የኮንዶሚኒየም ኮሚቴዎችም ስሙ። በየስብሰባው ሰዓቱ የሚያልቀው በፓርኪንግና በጥበቃ ደሞዝ ነው። የብሎካችሁ ማንሆል ክዳን ተነስቶ ፍሳሹ ወደ መንገድ ሲወርድ ስንተኛ ወሩ ነው? በሚቀጥለው እሑድ አጀንዳው ላይ አንደኛ ይግባ። ከየቤቱ የሚዋጣው ገንዘብ ለአንድ ቦቴ ይበቃል፤ ግንቦት ሳያልቅ ጥሩት፣ ሰኔ ላይ ወረፋው አይቻልም።