ለጨረታ የወጣ አደራ

ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው።

ሰሞኑን ስድስት ኪሎ ካፌ ተቀምጬ ማኪያቶዬን እጠጣለሁ። ጎኔ ያሉት ሰዎች የዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝነትን አንስተው ገንዘብ ከየት ይምጣ ይባባላሉ። አንዱ፣ «የዩኒቨርሲቲው ሙዚየም ውስጥ አቧራ ከሚጠጣው ሥዕል ሁለት ሦስቱን ቢሸጡትስ? ላብራቶሪ ይገዙበታል» አለ። «ምን ነካህ?» ያለው የለም። ጭራሽ ሐሳቡን ወደዱለት። እኔም ዝም አልኩ፤ ስለዚህ ተግሣጹ እኔንም ይጨምራል።

ነገሩ አሜሪካ ውስጥ ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ1920 ቨርጂኒያ ያለ አንድ የሴቶች ኮሌጅ ተማሪዎች ከከተማው ሰው ጋር መዋጮ አዋጡ። በ2,500 ዶላር የአሜሪካዊውን ሠዓሊ የጆርጅ ቤሎውስን ሥዕል ገዙ። ሥዕሉ ላይ ያሉት ኒውዮርክ ወደብ ላይ፣ በክረምት ብርድ፣ ሥራ የሚጠብቁ የቀን ሠራተኞች ናቸው። አጠገባቸው የጋሪ ፈረሶች ቆመዋል። ሥዕሉ እዚያው ግቢ ለትውልድ ሁሉ መማሪያ ሆነ። ኮሌጁ በኋላ ስሙን ለውጦ ራንዶልፍ ተባለ። በ2007 አስተዳደሩ ገንዘብ አጠረኝ ብሎ ይህንኑና ሌሎች ሦስት ሥዕሎችን አስጭኖ ለአጫራች ላከ። ክስ ተነሣ፣ ጩኸት ሆነ። በመጨረሻ በ2014 የለንደኑ ናሽናል ጋለሪ በ25.5 ሚሊዮን ዶላር ወሰደው። የአሜሪካ የሙዚየም ዳይሬክተሮች ማኅበርም አባላቱ ለዚያ ኮሌጅ ሙዚየም ሥዕል እንዳያውሱ ከለከለ።

ትርፉ ትልቅ ነው፣ አልክድም። ግን ያቺ በ1920 ከኪሷ ሳንቲም ያወጣች ልጅ ለባንክ ሒሳብ ነበር ያዋጣችው? ነገ ደግሞ የአያቱን መስቀል ለሙዚየም ሊሰጥ ይዞ የሚመጣ ሰው «ስንት ያወጣልሃል?» የሚባል ከመሰለው፣ መስቀሉን ይዞ ይመለሳል። እኛ ዘንድ የተሰጠውን አደራ የሚሸጥን ሰው «አደራ በላ» እንለዋለን። ዩኒቨርሲቲ ሲሆን ምነው ቃሉ ጠፋን?

ደሞ እኮ የመቅደላ ነገር ሲነሣ ደማችን የሚፈላ ሰዎች ነን። እ.ኤ.አ. በ1868 የእንግሊዝ ጦር የዘረፈውን ደላንታ ሜዳ ላይ በጨረታ ሸጦ ገንዘቡን ለወታደሩ አከፋፈለ። ያ ጨረታ ያሳፍራል። አጫራቹ የራሳችን ሰው ሲሆን ግን «ልማት» ሊባል ነው?

የላብራቶሪው ችግር እውነት ነው። እሱ በጀት ይጠየቅበት፣ ምሩቃን ያዋጡበት። ለሠርግ ድንኳን ስንት እናዋጣ የለ!

እስቲ ልጠይቃችሁ። እዚያው ስድስት ኪሎ፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ያለው ገነተ ልዑል ሙዚየም ለመጨረሻ ጊዜ የገባችሁት መቼ ነው? ዐፄ ኃይለ ሥላሴ የተኙበትን ክፍል፣ የቅዱስ ጊዮርጊስን ሥዕሎች፣ ክራሩንና በገናውን ያያችሁት? የካፌውን ሰውዬ ይህን ሳልጠይቀው መነሣቴ ነው እስካሁን የሚቆጨኝ። ከተቀመጠበት እዚያ ለመድረስ አሥር ደቂቃ አይፈጅም ነበር።