«ሌባ» ለማለት የምንጣደፍ ሰዎች

ወገኖቼ፣ የጎጃም ሰዎች፣ ዛሬ ደስ የሚል ነገር አልጽፍም። ቅር የሚለው ይበለው።

ፕሮፌሰር መዓረግ አማረን እናንተም የረሳችሁት አይመስለኝም። ዝም ያላችሁ ነው የሚመስለኝ። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ የሚያስተምር ሰው ነበር። የትግራይ ተወላጅ ነው፤ ጊዜው ደግሞ የጦርነት ጊዜ ነበር። መስከረም 29 እና 30 ቀን 2014 ወደ 50,000 ተከታይ የነበረው አንድ የፌስቡክ ገጽ ፎቶውን አወጣው። ሙሰኛ ነው ተባለ። የጭፍጨፋ ተባባሪ ነው ተባለ። የሚሠራበትና የሚኖርበት ሰፈርም ተጻፈ። ከሥሩ ደሙን የሚጠሩ ኮመንቶች ተደረደሩ። «ኧረ ማስረጃው የታለ?» ያለ ሰው ግን አልሰማሁም።

ጥቅምት 24 ቀን ከሥራ ወደ ቤቱ ሲመለስ ተከተሉት። በሩ ላይ ተኩሰው ጣሉት። የዓይን ምስክር እንደተናገረው፣ ሊያነሳው የቀረበውን ሰው እያስፈራሩ መለሱት፤ ሰባት ሰዓት ያህል እዚያው መሬት ላይ ቆየ። ሰባት ሰዓት! መንገድ ላይ የወደቀን ውሃ ሳናቀምስ አናልፍም የምንል ሰዎች ነን እኮ። ልጁ ጽሑፉ እንዲነሳ አስቀድሞ ለፌስቡክ አመልክቶ ነበር። መልስ የመጣለት አባቱ ከተገደለ ከስምንት ቀን በኋላ ነው። እኔ ይህን ባሰብኩ ቁጥር እህል አይበላልኝም።

ኩባንያው ናይሮቢ ተከሷል። የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም መጋቢት 2017 ጉዳዩን ማየት እችላለሁ ብሏል። ይበል። ግን ያን ነገር ካሊፎርኒያ የተቀመጠ ፈረንጅ አልጻፈውም። በእኛው አማርኛ ተጻፈ፣ በእኛው ጣት ሼር ተደረገ።

ሙስና አይጋለጥ አላልኩም። እንዴት እላለሁ? በ2015 ማዳበሪያ ጠፍቶ ገበሬው ሲንከራተት አይተናል። የይዞታ ካርታ ለማውጣት ስንት በር እንደሚንኳኳ፣ በየበሩ ምን እንደሚባል የማያውቅ የለም። ደግሞ እኛው ነን «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እያልን የምንስቀው። ዘመዳችን ሲበላ ጎበዝ፣ ባዳ ሲበላ ሌባ።

የሚያናድደኝ ሌላ ነው። አሁን ሹሙም የሚወስነው ስልኩን እያየ ነው። አንድ ስም ፌስቡክ ላይ ሲነሳ ይደነግጥና ኦዲተር በመላክ ፈንታ ሰውየውን ያግደዋል። ወሬው ሲበርድ ወደ ሌላ ወረዳ ያዛውረዋል። ሰረቀ? አልሰረቀም? ማንም አያጣራም፤ እኛም ወደሚቀጥለው ስም አልፈናል። ዋናው ሌባ ይህን ገና ድሮ ገብቶታል፤ የሚያወድሱት ልጆች ቀጥሮ፣ የሚመረምረውን ሰው በቲክቶክ ያሰድባል። መንግሥትም ቢሆን ያው ነው። በኅዳር 2011 የሜቴክ፣ የመከላከያው የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን፣ ሰዎች በሙስና ተጠርጥረው ሲያዙ ፍርድ ቤት ማስረጃ ሳይሰማ ዶክመንተሪ በቴሌቪዥን ታየ። እኛም ሶፋ ላይ ሆነን ፈረድን።

አያቶቻችን ሌባ ሲጠፋባቸው አውጫጭኝ ይቀመጡ ነበር። ብዙ ግፍ ነበረበት፣ አላሞግሰውም። ግን ቢያንስ ሰው ይሰበሰባል፣ ይምላል፣ ሽማግሌ ይጠይቃል። እኛ ጋ የሚምል የለም፤ የውሸት ስምና የአንበሳ ፎቶ ይበቃል።

የወንጀል ጠቋሚዎችና ምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 የሚባል ሕግ አለ። ምን ያህል ይሠራል ብትሉኝ፣ ሳቄ ይመጣል። ግን ሰነድ ይዞ የሚጠቁም ሰው ጥበቃ ይገባዋል ይላል፤ እኛ ደግሞ ሰነድ የያዘውን ብቻውን ትተን ጮክ ብሎ የሰደበውን እንከተላለን። ቢሮ ውስጥ የተጭበረበረ የጨረታ ወረቀት ይዞ የሚፈራ ሠራተኛ ስንት አለ? እሱን ማን አይዞህ አለው?

እንግዲህ ብዙ አልጠብቅም፣ ደክሞኛልም። ስለ ፕሮፌሰሩ የጻፉት ይቅርታ ይጠይቃሉ ብዬ መጠበቅ ትቻለሁ። ነገ የሌላ ሰው ፎቶ ከነሰፈሩ ሲለጠፍ፣ ከ50,000 ተከታይ መቶው እንኳ «አንተ ማነህ? ወረቀቱን አሳየና!» ብሎ ቢጽፍ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። መቶው ከበዛ ሃያው። ይሰድቧችኋል፣ እነሱን ተዋቸው። ሰውየው በእውነት ሰርቆ ከሆነም፣ ወረቀቱ ሲመጣ አብረን እንጮሃለን።