ልደት በቤተ መንግሥት ከተማ

በየዓመቱ ታኅሣሥ ሲጋመስ የጎንደር ወሬ ሁሉ ወደ ጥምቀት ያዘነብላል። የቀሃ ውኃ ወደ ፋሲለደስ ባሕረ ጥምቀት መቼ እንደሚገባ ይጠየቃል፤ ሆቴሎች ለእንግዳ ይሰናዳሉ፤ የየሰፈሩ ወጣቶች ምን ለብሰው ታቦት እንደሚያጅቡ ይመክራሉ። በዚህ ሁሉ መካከል ታኅሣሥ 29 ይመጣል፤ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ያልፋል። ለምን እንዲህ ሆነ ብሎ ለሚጠይቅም «ልደት የላሊበላ፣ ጥምቀት የእኛ» የሚል መልስ አናጣም። ነገሩ በእንግዳ ብዛት የሚለካ ከሆነ መልሱ ትክክል ነው። በእምነት በኩል ካየነው ግን ስለ ክርስቶስ ልደት ጎንደርን ያህል የተማረ፣ የተከራከረና እስከ ደም መፋሰስ የደረሰ የኢትዮጵያ ከተማ ያለ አይመስለኝም።

ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት የመንግሥት ሃይማኖት ባደረጉ ጊዜ ሕዝቡ «ፋሲል ይንገሥ፣ ሃይማኖት ይመለስ» ብሎ መነሣቱን፣ ዘውዱም ከአባት ወደ ልጅ ማለፉን ሁላችንም ከልጅነታችን ሰምተናል። ዐፄ ፋሲል ጎንደርን መናገሻ ካደረጉ በኋላ ግን ክርክሩ አልበረደም። በ17ኛውና በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነገሥታቱ ሊቃውንቱን እየሰበሰቡ ባደረጓቸው ጉባኤያት የተዋሕዶ፣ የቅባትና የጸጋ ወገኖች የተፋጠጡበት ጥያቄ በመሠረቱ የልደት ጥያቄ ነበር፤ ቃል ሥጋ በሆነ ጊዜ ሥጋ የከበረው በምንድን ነው? የክርስቶስስ ልደት ሁለት ነው ወይስ ሦስት? ነገሩ በጉባኤ የተቋጨው በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ወሎ ውስጥ ቦሩ ሜዳ ላይ ሊቃውንቱን ሰብስበው የጸጋ ወገኖች የሚያስተምሩት የሦስት ልደት ትምህርት፣ ማለትም ሦስተኛው ልደት በመንፈስ ቅዱስ ጸጋ ነው የሚለው፣ በተወገዘ ጊዜ ነው። ቤተ ክርስቲያን ዛሬም የምታስተምረው ይህንኑ ሁለት ልደት ነው፤ ቀዳማዊው ያለ እናት ከአብ፣ ደኃራዊው ያለ አባት ከእመቤታችን።

የዛሬ ዘመን ሰው ይህን ሲሰማ «የደብተራ ጭቅጭቅ» ብሎ ሊያልፈው ይችላል፤ እኔ ግን እንዲህ በቀላሉ የሚታለፍ አይመስለኝም። ተዋሕዶዎቹ አጥብቀው የጠበቁት ነገር በግርግም የተኛው ሕፃን ያው ከዘመናት በፊት ከአብ የተወለደው ራሱ መሆኑን ነው። ሕፃኑ ኋላ ክብር የተጨመረለት ሰው ቢሆን ኖሮ ታሪኩ የሹመት ታሪክ በሆነ ነበር፤ የሹመት ታሪክ ደግሞ በየቤተ መንግሥቱ ሞልቷል፣ እዚህ በግንቡ ቅጥር ውስጥ ሳይቀር። በልደት የሚነገረው የመውረድ ታሪክ ነው። ጌታ የወረደው ተገዶ ወይም ተሸንፎ ሳይሆን በፈቃዱ ስለሆነ፣ ከነገሥታት ታሪክ ጋር ብናስተያየው አቻ የምናገኝለት አይመስለኝም።

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 2 የተጻፈው የሰብአ ሰገል ታሪክም እንደ እኛ ላለ የግንብ ከተማ ነዋሪ ለብቻው ሊነበብለት የሚገባ ነው። ሰዎቹ ንጉሥ ተወልዷል ብለው ከምሥራቅ ሲመጡ በቀጥታ የገቡት ወደ ኢየሩሳሌም፣ ወደ ሄሮድስ መቀመጫ ነው፤ ንጉሥ የሚፈለገው በቤተ መንግሥት ነውና ማንም አይፈርድባቸውም። ሄሮድስ የካህናት አለቆችንና ጻፎችን ሰብስቦ ክርስቶስ ወዴት እንደሚወለድ ሲጠይቃቸው መልስ ለመስጠት አልተቸገሩም፤ በይሁዳ ቤተ ልሔም ነው አሉት፣ የነቢዩንም ቃል ጠቀሱለት። ከዚያ ወዲያ ባዕዳኑ ኮከቡን ተከትለው ሄዱ። ጥቅሱን በቃላቸው የሚያውቁት ሊቃውንት ግን ከተቀመጡበት ስለ መነሣታቸው ወንጌላዊው አንዲት ቃል አልጻፈም። ከኢየሩሳሌም ቤተ ልሔም ዐሥር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከፒያሳ ተነሥቶ አዘዞ እንደ መድረስ ማለት ነው።

ይህችን ቦታ ባነበብሁ ቁጥር የሚያሳስበኝ የገዛ አገሬ ነገር ነው። ጎንደር የሊቃውንት አገር ናት፤ በአታ ለማርያም የአቋቋም፣ ማለትም የማኅሌት ሥርዓት ትምህርት፣ ማስመስከሪያ ናት፤ የመጻሕፍት ትርጓሜ ላይ ቤትና ታች ቤት ተብሎ በሁለት ስልት የተለየው እዚሁ ነው። በዚህ የማይኮራ ጎንደሬ የለም፣ እኔም እኮራለሁ። ዳሩ ግን የሄሮድስ ጻፎችም ትርጓሜያቸው ትክክል ነበር፤ በትምህርት አልተሳሳቱም።

እንዲያውም አንዳንድ ጊዜ የልደትን ምሥጢር ከጉባኤው ይልቅ የእረኛው ሜዳ አጥብቆ ይዞት ቆይቷል እላለሁ። በገጠሩ በዓሉ ከሰዓት በኋላ ወደ ሜዳ ይወጣል። ጎበዙ ጫፉ ቆልመም ያለ የገና ዱላውን ይዞ ይሰበሰባል፤ ወገን ይለያል፤ ሩሯ፣ የጨዋታዋ ኳስ፣ መሐል ላይ ትጣላለች፤ ከዚያ በኋላ አቧራው ሲጨስ ማን የማንን ቅልጥም እንደ መታ የሚለይ የለም። አባቶች ጨዋታውን የጀመሩት የልደቱን ብሥራት የሰሙት እረኞች ናቸው፣ ደስታቸውን በያዙት በትር ገለጹ ይላሉ። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» የተባለውም በዚሁ ሜዳ ነው። ዓመቱን ሙሉ ባለርስቱን «ጌቶች» እያለ ሲያርስለት የኖረው ሰው በዚያ ከሰዓት በኋላ ሩሯን አገኛለሁ ሲል የጌታውን እግር ቢመታ ክስም ቂምም የለበትም፤ ጌትየውም እያነከሰ ይስቃል እንጂ አይቆጣም። ሐዋርያው ጳውሎስ ለፊልጵስዩስ ሰዎች ስለ ክርስቶስ ሲጽፍ «የባሪያን መልክ ይዞ በሰውም ምሳሌ ሆኖ ራሱን ባዶ አደረገ» ይላል። ማንበብና መጻፍ የማያውቀው ገበሬ ይህን ቃል በዱላና በሩር ሲተረጉመው ኖሯል ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም።

እርግጥ ነው፣ ተረቱ ለጌቶች የሚመች ቀዳዳ አለው፤ መታገሡ ለአንድ ቀን ብቻ ነው። በማግሥቱ ጌታ ጌታ፣ ሎሌም ሎሌ ይሆናል። የጌታችን መውረድ ግን በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚያልቅ አልነበረም፤ በግርግም ተጀምሮ እስከ መስቀል ዘልቋል።

በየታኅሣሡ ስለ ፈረንጅ ዛፍና በቅርንጫፉ ላይ ስለሚለጠፈው ጥጥ የሚነሣው ቁጣ ብዙ አያሳስበኝም። በረዶ ለማያውቅ ከተማ ጥጥ መለጠፍ ያስቃል፤ ሃይማኖት ግን በጥጥ አይፈርስም። በአራዳና በቅዳሜ ገበያ ስለ ዶሮና ስለ ቅቤ ዋጋ የሚሰማው ምሬትም እውነተኛ ምሬት ነው። ከኅዳር 15 ጀምሮ የጾመ ሰው በዕለቱ ማዕዱን ቢያምረው አይፈረድበትም። እኔን የሚያሳስበኝ በማዕዱ ዙሪያ ማን እንደሚቀመጥ ነው።

ለዚህም ሩቅ መሄድ ሳያስፈልግ የራሳችን የበዓላት ቀመር ያስተምረናል። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ማኅሌተ ጽጌ ይቆማል፤ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ ወደ ግብፅ መሰደዷ በዜማ ይታሰባል፤ በማግሥቱ ኅዳር 6 ቁስቋም ይነግሣል። እቴጌ ምንትዋብ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ኮረብታ ላይ ደብረ ፀሐይ ቁስቋምን ሲያሠሩ ለቤተ ክርስቲያናቸው የመረጡት ስም የስደተኛይቱ እናት ማረፊያ ስም ነው። ዐሥር ቀን ሳይሞላ የነቢያት ጾም ይገባል። እንግዲህ ጎንደሬ ክርስቲያን ወደ ልደት የሚደርሰው የስደትን ዜማ ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ካዜመ በኋላ ነው።

ስደቱ ዛሬ ዜማ ብቻ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. ከጀመረው የሰሜኑ ጦርነት ወዲህ፣ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮም በክልላችን በቀጠለው ግጭት፣ ቤቱን ጥሎ በዘመድ ጓዳና በመጠለያ የሚኖር ወገን አለ። ዳባት አለምዋጭ ላይ የኤርትራ ስደተኞች ሰፍረዋል፤ ሱዳን ውስጥ በ2015 ዓ.ም. ጦርነት ሲፈነዳ በመተማ በኩል ነፍሱን ለማትረፍ የገባው ሕዝብም ቀላል አልነበረም። በከተማችን ውስጥም ልጁ ታግቶበት ለማስለቀቂያ ጥሪቱን የሸጠ፣ በዓሉ ሲመጣ በሩን ዘግቶ የሚውል ቤተሰብ አለ። ለእነዚህ ሰዎች በበዓል ዋዜማ ዘይትና ዱቄት ይዞ መሄድ የተለመደ ነው፤ ሊመሰገንም ይገባል። ብቻ በዚህ ዓይነት ስጦታ ውስጥ ሰጪው እንደ ቆመ፣ ተቀባዩም እንደ ተቀመጠ ይቀራል። ከፊታቸው የካሜራ ስልክ ሲደገን ደግሞ ይብሳል።

ስለዚህ ሐሳቤ ከቅርጫ ይጀምራል። የሰፈር ሰው ገንዘብ አዋጥቶ በሬ ይገዛል፤ ታርዶ ሥጋው በቅጠል ላይ ይዘረጋል፤ ሻኛው፣ ጎድኑ፣ ጉበቱ ሳይቀር ለሁሉም በየመደቡ እኩል ይዳረሳል። ከዚያ እያንዳንዱ ጠጠር ወይም እንጨት ይሰጥና ያላየ ሰው ተጠርቶ ዕጣውን ይጥላል። በዕጣው ፊት ዳኛውም ዘበኛውም አንድ ናቸው። ዐሥር ሰው በገባበት ቅርጫ 11 መደብ ቢወጣና አሥራ አንደኛው ባለዕጣ በሰፈሩ የተጠለለ ተፈናቃይ ወይም በሩን የዘጋው ጎረቤት ቢሆን፣ እርሱም ሥጋው እንዲላክለት ሳይሆን ከሌሎቹ ጋር በሥፍራው ቆሞ የራሱን ጠጠር እንዲሰጥ ቢጠራ፣ ከጎድኑ የተሻለው ለእርሱ ቢደርሰው የሚቆጣ አይኖርም፤ በገና ጨዋታ አይቆጡምና። ከዐሥሩ ሰዎች እያንዳንዱ የሚጎድልበት ከድርሻው ከ11 አንዱ እጅ ብቻ ነው።

የበሬ ዋጋ የት እንደ ደረሰ አላጣሁትም፤ ለራሱም ድርሻ ተበድሮ የሚገባ ሰው አለ። ቅርጫ መግባት ያቃተው ሰፈር በበግም በድፎ ዳቦም ይህንኑ ማድረግ ይችላል፤ የሰንበቴና የጽዋ ማኅበራትም ለጥምቀት ድንኳን የሚያዋጡትን ከመቁጠራቸው በፊት ነገሩን ቢያነሡት መልካም ነው። ቅርጫ የሚገባ ሰው የሚመዘገበው ከበዓሉ ቀናት አስቀድሞ ስለሆነ፣ አሥራ አንደኛው መደብ በየሰፈሩ የማን እንደሚሆን ለመነጋገር አሁን ጊዜው ነው።